ወንድሜ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ የሚያወራው ሰውስ? (ከጅማ)

የሐሙስ_ገበያ
ሰላም እንዴት ናችሁ። ጅማ ነኝ፣ ሂርማታ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ታናሽ ወንድሜ «ስኪዞፍሬንያ ነው» (ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማበት የአእምሮ ሕመም) ከተባለ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። በየወሩ መርፌ ይወጋል፣ ማታ ማታ ክኒን ይውጣል። አልሐምዱሊላህ፣ እንደ ድሮው ሌሊት ወጥቶ አይጠፋም፣ ልብሱን አያወልቅም። ግን ቤት ተቀምጧል። በቃ ተቀምጧል። ሐሙስ ገበያው ሲሞላ ደግሞ መስኮት ዘግቶ ጓዳ ይገባል። የገበያተኛው ጫጫታ ሁሉ ስለ እሱ ይመስለዋል።

ቀጠሮ ስንሄድ ወረፋው ረጅም ነው። ተራችን ሲደርስ «ትተኛለህ? ትበላለህ? ድምፁ አለ?» ይባላል፣ ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ መድኃኒት ይታዘዛል፣ አለቀ። አልወቅሳቸውም፤ ውጭ የተኮለኮለውን ሰው አይቻለሁ።

ባለፈው ዴንማርክ ያለች የአክስቴ ልጅ ደወለች። እዚያ አገር ለዚህ በሽታ የንግግር ሕክምና ሞክረው ጥሩ ውጤት አገኙ አለችኝ። ሳይኮዳይናሚክ ነው የሚባለው። እውነት ነው? ይሄ በሽታ በወሬ ይሻላል? ከተሻለስ ጅማ ውስጥ ማን ጋ ልውሰደው?

«ሼኽ ጋ ውሰጂው»፣ «ጠበል ውሰጂው» ልትሉኝ ያሰባችሁ፣ ሁለቱም ጋ ሄደናል። መልካም ሰዎች ነበሩ። አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው።

ቶሎ_መላሽ
መድኃኒቱ ነው እኮ ሰውን ግንድ የሚያደርገው። አቁሙለትና ቁጭ ብላችሁ አውሩት። የእኔ ጎረቤት እንደዛ ነው የዳነው።

ነርስ_ዘጅማ
@ቶሎ_መላሽ ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ምክር በሁለት መስመር አይሰጥም። የአእምሮ ሕክምና ላይ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። መርፌውን ያቆመ ሰው በማግስቱ አይታመምም፤ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። አንድ ወር፣ ሁለት ወር ደህና ይመስላል። ከዚያ እንቅልፍ ይጠፋል። ከዚያ አንድ ሌሊት ባጃጅ ላይ ተጭኖ፣ እጁ በነጠላ ታስሮ ይመጣል። ጎረቤትህን አላውቀውም። እነዚህን ግን በሩን ከፍቼ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ።

የሐሙስ_ገበያ እህቴ፣ መድኃኒቱ ካስቸገረው ንገሪያቸው። ምራቅ ማዝረብረብ፣ መንቀጥቀጥ፣ በተለይ ደግሞ ቁጭ ማለት አቅቶት ከወዲያ ወዲህ ማለት ካለ። ይሄን የመጨረሻውን ብዙ ቤተሰብ «ባሰበት» ብሎ ነው የሚያየው። ብዙ ጊዜ ግን የመድኃኒቱ ጣጣ ነው፤ መጠኑ ይስተካከላል፣ ዓይነቱም ይቀየራል። ስለ ንግግሩ የሚያውቁ ይመልሱልሽ። እኔ ተረኛ ነኝ፣ እመለሳለሁ።

መጽሐፍ_ገላጭ
ሳይኮሎጂ ነው ያጠናሁት። አሁን የምሠራው ባንክ ነው፣ አትሳቁ። የማውቀውን ልበል። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ሳይኮዳይናሚክ የሚባለው ሕክምና፣ ሰው ዛሬ የሚፈራውና የሚያምነው ነገር ከኋላ ታሪኩ ጋር ክር አለው ብሎ ነው የሚነሳው። ክሩም ከሐኪሙ ጋር ሲቀመጥ ይታያል። ሐኪሙን እንደ አባቱ ይፈራዋል፣ ወይም እንደ ታላቅ ወንድሙ ይቀናበታል። ሐኪሙ ያንን እያየ ያወራዋል።

የሚገርመው፣ የነገሩ አባት ፍሮይድ ራሱ ለስኪዞፍሬንያ አይሆንም ባይ ነበር። ሕመምተኛው ልቡን ከሰው ላይ አንስቶ ወደ ራሱ መልሶታል፣ ስለዚህ ከሐኪም ጋር አይተሳሰርም ይል ነበር። በኋላ አሜሪካ ውስጥ ሃሪ ስታክ ሳሊቫን እና ፍሪዳ ፍሮም-ራይክማን የሚባሉ ሐኪሞች «ኧረ ይተሳሰራል» ብለው ገቡበት። ፍሮም-ራይክማን ሜሪላንድ ውስጥ ቼስትነት ሎጅ በሚባል ሆስፒታል ዕድሜዋን ከሕመምተኞቹ ጋር ቁጭ ብላ ጨረሰች ማለት ይቻላል።

ከዚያ ፈተናው መጣ። ካሊፎርኒያ፣ ካማሪዮ ሆስፒታል ውስጥ ፊሊፕ ሜይ የሚባል ሐኪም 228 ሕመምተኞችን አምስት ቦታ ከፈላቸው። ንግግር ብቻ፣ መድኃኒት ብቻ፣ ሁለቱም አንድ ላይ፣ የኤሌክትሪክ ሕክምና፣ አምስተኛው ደግሞ ተራው የሆስፒታል እንክብካቤ። ውጤቱ 1968 ላይ ታተመ። መድኃኒት ያገኙት በለጡ። ንግግር ብቻ ያገኙት ተራ እንክብካቤ ካገኙት ብዙም አልተለዩም። «ያወሯቸው እኮ ልምድ የሌላቸው ጀማሪ ሐኪሞች ናቸው» ብለው የተሟገቱ ነበሩ። ሙግታቸው ውሃ የሚያነሳ ነው። ግን ያን ጊዜ ሰሚ አላገኘም።

ሁለተኛው ቦስተን ነው፣ 1984 የወጣ። እኔ የምወደው ይሄን ነው። ክርክሩ መድኃኒት ወይስ ወሬ አልነበረም፤ መድኃኒቱ ለሁለቱም ወገን አለ። ጥያቄው «የትኛው ወሬ?» ነበር። አንደኛው ወገን በሳምንት ሦስት ጊዜ እየተገናኘ ወደ ውስጥ ይቆፍራል። ሌላኛው በሳምንት አንዴ ወይም ባነሰ ጊዜ ስለ ዛሬ ያወራል፦ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት፣ ከሰው ጋር ስለ መዋል። ቆፋሪው ራስን በመረዳት በኩል ትንሽ ብልጫ አሳየ። ወደ ሥራ በመመለስና ሆስፒታል ተመልሶ ባለመተኛት ግን ስለ ዛሬ ያወራው ተሻለ። ደግሞ ከጀመሩት 164 ሰዎች ስድስት ወር የዘለቁት 95 ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ጥለው ሄዱ። ለእኔ ይሄም ራሱ መልስ ነው።

የአክስትሽ ልጅ የሰማችው የ2012ቱን የዴንማርክ ጥናት ይመስለኛል። 269 ሰዎች ናቸው፣ አብዛኞቹ ወጣት፣ በሽታው ገና የጀመራቸው። 150ዎቹ የተለመደውን ሕክምና አገኙ። 119ኙ በዚያ ላይ ንግግር ተጨመረላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ንግግር የተጨመረላቸው በምልክቱም በኑሯቸውም ተሽለው ተገኙ። ልብ በይ፣ «በዚያ ላይ» ነው እንጂ «በዚያ ፋንታ» አይደለም። ንግግሩም «ደጋፊ ሳይኮዳይናሚክ» ነው የሚባለው። «ደጋፊ» የምትለዋን ቃል እንዳትዘያት።

የሊሙ_ቡና
መጽሐፍ_ገላጭ ጥሩ ብለሃል፣ አንድ ነገር ግን አልፈሃል። የዴንማርኩ ላይ ዕጣ አልወጣም። ማን ንግግር ያገኛል የሚለውን ዕጣ አይደለም የወሰነው።

ሥራዬ የእርሻ ሙከራ ላይ ስለሆነ በቡና ልናገር። አዲስ ማዳበሪያ የእኔ ማሳ ላይ ልጨምር፣ የጎረቤቴን ልተወው። የእኔ ቢበልጥ ማዳበሪያው ነው ያበለጠው? የእኔ ማሳ የዋንዛ ጥላ ቢኖረውስ? አፈሩስ? እኔ ማለዳ የምነሳ፣ እሱ የሚያረፍድ ቢሆንስ? ለዚህ ነው ማሳውን ሸንሽነን ዕጣ የምናወጣው።

ሌላም ችግር አለ። ክኒን ሲሞከር ለግማሹ ውስጡ ባዶ የሆነ ተመሳሳይ ክኒን ይሰጣል፣ ማንም አያውቅም። ወሬ ግን በምን ይደበቃል? ሁለት ዓመት ያወራ ሰው ማውራቱን አይረሳም። የሚቻለው፣ ነጥብ የሚሰጠው ሰው ማን ከማን እንደሆነ እንዳያውቅ ማድረግ ነው።

ስለ ነጥብ ካነሳን፣ ፓንስ የሚባለው የበሽታው ምልክት መመዘኛ 30 ነገር ይጠይቃል፣ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ይሰጣል። ስለዚህ ምንም ምልክት የሌለበት ሰው 30 ያገኛል እንጂ ዜሮ አያገኝም። «ከ90 ወደ 60 ወረደ፣ ሲሶውን ተሻለው» ሲባል ብትሰሙ ሒሳቡ ልክ አይደለም፤ ከ30 በላይ ካለው ላይ ግማሹን ነው የተሻለው። በዚች ብቻ ስንት ሰው ሲሳሳት አይቻለሁ።

አይሠራም እያልኩ ግን አይደለም። ሚዛኑ ነው የላላው።

ቶሎ_መላሽ
ፕሮፌሰር ቡና አፈላ ሃሃ

ማንቸስተር_ማዶ
እንግሊዝ አገር ነርስ ነኝ። እዚህ መመሪያው ለስኪዞፍሬንያ የሚያዘው ሲቢቲ የሚባለውን ንግግር (ሐሳብንና አድራጎትን ለመቀየር የሚሞክረውን) ነው፣ ቢያንስ 16 ጊዜ፣ ከቤተሰብ ሕክምና ጋር። ሳይኮዳይናሚኩን እንደ ሕክምና አላዘዘውም። በ2009ኙ መመሪያ ላይ «ባለሙያው የሕመምተኛውን ነገር ለመረዳት ሊጠቀምበት ይችላል» ብሎታል። ማለትም ለሕመምተኛው ሳይሆን ለእኛ ነው የታዘዘው። ወረፋ እዚህም አለ፣ አይምሰላችሁ።

ዝምተኛው
ብዙ ጊዜ አልጽፍም። በሽታው ያለብኝ እኔ ነኝ። መርፌ ላይ ነኝ፣ እንጨት ሥራ ቤት እሠራለሁ። ጅማ መጥታችሁ በርጩማ ከገዛችሁ የእኔ እጅ ያረፈበት ሊሆን ይችላል።

ሁለት ዓይነት ወሬ ቀምሻለሁ። የመጀመሪያው ሌላ ከተማ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰውየው «አባትህ ሲሞት ምን ተሰማህ?» አለኝ። አባቴ የሞተው በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ነገርኩት። ዝም ብሎ ያየኛል። «ከዚያስ?» ይላል። እንደገና ዝም። እኔ ጋ ዝምታ ባዶ አይደለም። ሰው ዝም ሲል እነሱ ናቸው የሚያወሩት። በዚያ ሳምንት ድምፆቹ በአባቴ ድምፅ መጡ። አልተመለስኩም።

ሁለተኛዋ እዚሁ ናት፣ በዕድሜ ታንሰኛለች። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እንቀመጣለን። እሷ ዝም አትልም። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ድምፁ መቼ መቼ ነው የሚበረታው?» ብላ ነው። አስቤው አላውቅም ነበር። ደብተር ላይ ምልክት እያደረግኩ ቆየሁ። ለካ ደመወዝ ቀን ነው። አሠሪዬ ብሩን ሲቆጥርልኝ ድምፁ «ሌባ» ይለኛል። እሷ ምንም አላለችም። ስለ ደመወዙ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አሠሪዬ አወራን። በስምንተኛው ወር ገደማ ነው ራሴ ያወጣሁት። አባቴ ከሞተ በኋላ አጎቴ ቤት ነበር ያደግኩት። ሳንቲም በጠፋ ቁጥር የሚፈተሸው የእኔ ኪስ ነበር።

ድምፁ አልጠፋም። አሁን ግን ደመወዝ ቀን ሲጀምረኝ በልቤ «መጣህ?» እለዋለሁ። ቆጥሬ እቀበላለሁ፣ ወጥቼ ሻይ እጠጣለሁ። ድሮ ብሩን ጥዬ ነበር የምሄደው፣ ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ።

ይሄ ሳይኮዳይናሚክ ይባል ሌላ፣ እኔ አላውቅም።

መጽሐፍ_ገላጭ
@ዝምተኛው ይባላል። ደጋፊው ዓይነት እንዲሁ ነው። ዝምታ አይረዝምም፣ ትርጉም በችኮላ አይሰጥም፣ መጀመሪያ የዛሬው መሬት ይረገጣል። ከመመረቂያ ጽሑፌ ይልቅ የአንተ ደመወዝ ቀን ነው ያስረዳኝ። ምን ዓይነት ልጅ ናት! ሁለት ወር አይደለም ስምንት ወር ታገሰች።

እናት_ዘአጋሮ
ልጆቼ፣ የምናገረውን የልጅ ልጄ ነው የሚጽፈው። ልጄ ሲታመም አንዱ ባለሙያ እኔን ለብቻዬ አስቀመጠና «ጡት መቼ አስጣሉት? ትቆጪው ነበር? አባቱ ይመታው ነበር?» እያለ ጠየቀኝ። ቤቴ ገብቼ ሳለቅስ አደርኩ። እኔ ነኛ ያሳበድኩት! ስንት ዓመት ይሄን ተሸክሜ ኖርኩ መሰላችሁ። ይሄ የምታወሩለት ሕክምና እናትን የሚከስ ከሆነ ይቅርብን።

መጽሐፍ_ገላጭ
እማማ፣ ይህን በመናገርዎ ደስ ብሎኛል፣ ጥፋቱ የእኛ የትምህርት ዘርፍ ነውና። ቅድም ያመሰገንኳት ፍሮም-ራይክማን በ1948 በጻፈችው ላይ «ስኪዞፍሬንያ የምታመጣ እናት» የሚል ስም አወጣች። ያ ስም ለብዙ ዓመት በዓለም ዞረ። እናቶች ልጃቸው መታመሙ ሳያንስ ተከሳሽም ሆኑ። በኋላ ሲጠና ማስረጃ ጠፋለት። በሽታው ውስጥ የዘር ድርሻ ትልቅ ነው። ፍጹም ተመሳሳይ ከሆኑ መንትዮች አንዱ ሲታመም ሌላው የመታመም ዕድሉ ከማንም ይበልጣል፣ ያም ሆኖ ብዙ ጊዜ አንዱ ታሞ ሌላው ይተርፋል። ቤት ውስጥ ወቀሳና ጩኸት ሲበዛ በሽታው ቶሎ ያገረሻል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ማገርሸት ሌላ፣ መነሻ ሌላ ነው።

እማማ፣ ጡት በማስጣል ማንም አላበደም። ይህን ለራስዎ ይያዙት።

እናት_ዘአጋሮ
እግዜር ይስጥህ ልጄ። ዛሬ እተኛለሁ።

ነርስ_ዘጅማ
ተመለስኩ። ማስረጃው ላይ የተባለው ይበቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ቋንቋው ነው። (ሰው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬ ነው የምጽፈው።)

ከገጠር የመጣ አንድ ወጣት ነበር፣ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። ተለማማጁ ሐኪም በአማርኛ ይመረምረዋል። እንደ ደንቡ ተረት ማስፈታት አለ፣ ሰውየው ከቃሉ አልፎ ማሰብ መቻሉን ለማየት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ምን ማለት ነው?» አለው። ልጁ ትንሽ አሰበና «ድር አንበሳ አያስርም፣ ገመድ ይሻላል» አለ። ካርዱ ላይ ምን እንደተጻፈ ትገምታላችሁ። ማታ መድኃኒት ስሰጠው በኦሮምኛ ሌላ ተረት ጠየቅኩት። ሳቀ። ፈታው። «አንተስ ይችን ታውቃታለህ?» ብሎ አንድ ጨመረልኝ፣ እኔ ነኝ ያቃተኝ።

ተረት በዚህ ከተቸገርን፣ የሕይወት ታሪክ የሚወራበት ሕክምናማ እንዴት ይሆናል? ድምፁ በምን ቋንቋ ነው የሚሰድበው ብዬ እጠይቃለሁ። በኦሮምኛ የሚሰደብ ሰው በአማርኛ ሲነግርህ ስድቡ ይለዝባል፣ እንደ ሪፖርት ይሆናል። እህቴ፣ ወንድምሽ የትኛው እንደሆነ ጠይቂው።

ሌላው ጫት ነው። ሁላችንም «ተው» እንላለን። ልክ ነን፣ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ድምፁን ያባብሳል። ግን ቡታጅራ በኩል ሕመምተኞችን «ለምን ትቅማላችሁ?» ብለው ሲያጠኑ፣ ከመልሶቹ ውስጥ «ከሰው ጋር ለመዋል» እና «የመድኃኒቱን ድካም ለመቋቋም» የሚሉ አሉበት። እዚህም ያው ነው። ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራቸው በርጫ ላይ ብቻ ነው። ጫቱን ስናስቆም ወሬውንም አብረን አስቆምነው። በምትኩ ምን ሰጠናቸው?

ማን ያውራቸው ለሚለው፣ ጉራጌ ሶዶ ላይ የተሠራ አንድ ሙከራ አለ፣ 2022 ላይ ታትሟል። በዕጣ ነው፣ የሊሙ ቡና ደስ ይበልህ። 166 ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ፣ ሐኪም ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው ቤት ለቤት እየሄዱ ከሕመምተኛውም ከቤተሰቡም ጋር ይቀመጡ ነበር። በዓመቱ፣ የተጎበኙት የዕለት ኑሮ ችግራቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ቀነሰ። ይሄ ሳይኮዳይናሚክ አይደለም፣ አላምታታም። ግን ሐኪም እስኪገኝ መጠበቅ የሌለበት ነገር እንዳለ አሳይቶኛል።

ስለዚህ እህቴ፣ በቀጠሯችሁ ቀን «ሳይኮሎጂስት ልናገኝ እንችላለን ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ካልተጠየቀ አይነገርም። ከተገኘ በየጊዜው ያው ሰው ይሁን፣ መቀያየር አይሁን። ወሬው ከጀመረ በኋላ እንቅልፉ ከተበላሸ ወይም ድምፁ ከበረታ ሳትውይ ሳታድሪ ተናገሪ። መርፌው አይቋረጥም።

ቶሎ_መላሽ
ጎረቤቴን ዛሬ ጠየቅኩት። መርፌውን አላቆመም ለካ። ማንም ሳያየው እየሄደ ይወጋል። ለእኛ ነው «ትቼዋለሁ» የሚለው። በሉ አፉ በሉኝ።

ዝምተኛው
@ቶሎ_መላሽ እኔም አራት ዓመት «የጨጓራ መድኃኒት ነው» እያልኩ ነው የዋጥኩት።

የሐሙስ_ገበያ
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፣ ይቅርታ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ጠየቅኩት። በኦሮምኛ ነው፣ በእናታችን ቋንቋ። ስድስት ዓመት ሙሉ አልጠየቅኩትም። እኔ ከእሱ ጋር የማወራው በአማርኛ ነው፣ ትምህርት ቤት ከገባን ጀምሮ እንደዛ ለመድን።

ባለፈው ሐሙስ ሱቄን ለሠራተኛዋ ትቼ ጓዳ ገባሁ። ስለ ሕመሙ ምንም አላልኩም፣ ቡና መቁላት ጀመርኩ። ዝም ማለት ጥሩ አይደለም ስላላችሁ ስለ ቡናው ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ፣ እንዲሁ እየለፈለፍኩ ነው፣ በኦሮምኛ። ውጭ ጫጫታው ደርቷል። «ድምፁ አለ?» አላልኩትም። «ዛሬ ምን አሉ?» አልኩት።

«ዋጋ እየጠሩ ነው» አለኝ።
«የምን ዋጋ?»
«የእኔን።»
«ስንት አሉ?»
«ሃምሳ ብር።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። እጄ ላይ ያለው ቡና ሊያርር ደርሷል። «በሃምሳ ብርማ ዛሬ ዶሮም የለም፣ አልሸጥህም» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ሳቀ። ጥርሱን ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው። ከዚያ ጀበናውን ራሱ ጣደው።

ልክ ይሁን ስሕተት አላውቅም፣ ነርስ_ዘጅማ ካጠፋሁ ንገረኝ።

ሳይኮሎጂስቷን አግኝተናል፣ ጠይቀን ነው። ማክሰኞ ነው የመጀመሪያው። ትናንት ማታ «ኦሮምኛ ትችላለች?» አለኝ። ትችላለች አልኩት። ቆየት ብሎ ደግሞ «ዝም ትላለች?» አለኝ። እዚህ የተጻፈውን አንብቤለት ነበር። «አትልም አሉ» አልኩት። ጫማውን አውጥቶ መጥረግ ጀመረ። ገና እሑድ ነው።